የሚኒባሷ በር

በምሠራበት የትምህርት ድርጅት ውስጥ የሥራ ታሪኬ ሲነበብ «በትራንስፖርት ማስተባበርና በደንበኛ አያያዝ የካበተ ልምድ ያላት» ይላል። እሰይ! ሲገለጥ ከቡራዩ አስኮ የታክሲ ረዳት ነበርኩ ማለት ነው። «አስኮ! አስኮ! አንድ ሰው!» እያልኩ ጉሮሮዬን የጨረስኩት ለካ ደንበኛ ስይዝ ኖሯል!

ያሳመረልኝ ዳይሬክተራችን ነው። «ወላጅ ወያላ የነበረች ጸሐፊ አይወድም። ከታወቀ አብረን አንሠራም» ብሎኛል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው፤ ቋሚ ካልሆንኩ ተመልሼ በር ላይ መንጠልጠሌ ነው።

የሱሉልታው ቅርንጫፍ ሲከፈት እንደ ልማዳችን የሠራተኛው ታሪክ በወላጆች ፊት ይነበብ ጀመር። ዳይሬክተሩ የራሱን አስቀደመ። ከትምህርት ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም አሉ። የኔ ተራ ደርሶ ተነስቼ ያ «የካበተ ልምድ» ሲነበብ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። እግዚኦ! ሹፌሬ፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ የምንላቸው! ለካ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተዋል።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ! ምነው ዳር ዳሩን ትላላችሁ? የኔ ረዳት ነበረች በሉ እንጂ!»

ዳይሬክተሩ አላውቃቸውም እንድል በዓይኑ ለመነኝ። እንጀራ ያበሉኝን ሰውዬ? ኤዲያ! «አዎ ኦቦ፣ ነበርኩ!» ብዬ ሄጄ ጥምጥም አልኩባቸው። ወላጆቹ ሳቁ፣ አንዷማ አጨበጨበች። ዳይሬክተሩ ግን ጠጋ ብሎ «ነገ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ ኦቦን ልሸኝ ወጣሁ። ያቺው አሮጌ ሚኒባስ ናት። በሯን በእግር ጫፍ ከሥር አንሳ አድርገው ካልጎተቷት አትዘጋም፤ ይህን የሚያውቅ እሷ ላይ የሠራ ብቻ ነው። እኔ እንኳ እጄ ዝጎ ስታገል ዳይሬክተሩ መጣ። ወላጆች እያዩ ስለነበር ኦቦ ቶሎ እንዲሄዱለት ቸኩሏል።

«ዞር በይ!» አለና በዚያ ሱፉ እግሩን ከሥር አስገብቶ፣ አንሳ አድርጎ፣ ጓ! አደረጋት።

በሩን ትቼ ፊቱን አየሁት። እሱም ያደረገው የገባው ከዘጋት በኋላ ነው።

ኦቦ በመስኮት ብቅ አሉ። «አልረሳሃትም! ድሮስ የሰበርካት አንተው አይደለህ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ፊት ወንበር የተቀመጥኩት ሰላም ትለኛለህ ብዬ ነበር።»

ዳይሬክተሩ መስኮቱን ይዞ «ኦቦ…» አለ።

አንጀቴን በላኝ፤ አፌ ግን መቼ ዝም ይላል። «ታዲያ ነገ ዕቃችንን ሰብስበን አብረን እንውጣ?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለኝ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።