አንድ ወፍ ቤት፣ አንድ ድስት

ፋልዲላ «አብረው አይኖሩም» የሚባል ነገር መስማት አትወድም። ቦንተሄቨል በሚባለው ሰፈር፣ ከጓሮዋ የቆመውን ትልቅ የወፍ ቤት ያየ ሰው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቃት ይህንኑ ስለሆነ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው።

«ይኼ ሁሉ ዓይነት ወፍ በአንድ ቤት? አይጣሉም እንዴ?»

«ለምን ይጣላሉ?» ትላለች ወገቧን ይዛ። «የቤቱ እመቤት እኔ አይደለሁ?»

የወፍ ቤቱን የሠራው ባሏ አርሚን ነበር፤ አላህ ይማረውና፣ ከአሮጌ አልጋ ብረትና ከተጣለ ሽቦ ገጣጥሞ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት አድርጎ አቆመላት። ውስጡ ቢጫ ካናሪዎች አሉ፤ ቀይ ምንቃርና ዥጉርጉር ደረት ያላቸው አውራ ጣት የሚያህሉ ትንንሾች አሉ፤ አናታቸው ላይ ጉትዬ ያቆሙ፣ ሲያዩዋቸው የሚያስፈሩ፣ ሲቀርቧቸው ዝንብ የማይነኩ ሁለት ግራጫ በቀቀኖችም አሉ። አንድ ሰሞን ሰማያዊ ትንንሽ በቀቀኖችም ነበሯት። ነገር ያመላልሳሉ ብላ ለዘመድ ሰጠቻቸው።

ጉራ ብቻ ግን አልነበረም፤ ሥራውን ታውቅበታለች። የማረፊያው እንጨት ሁልጊዜ ከወፎቹ ቁጥር ይበልጣል። እህሉ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ሳይሆን በየጥጉ ነው፣ ጉልበተኛው ደጁን ዘግቶ እንዳይቀመጥ። አዲስ ወፍ ሲመጣ ከነትንሽ የሽቦ ጎጆው ትልቁ ቤት ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ነባሮቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ ያዩታል። የሚለቀቅበት ቀን ደግሞ እንጨቱን፣ ውሃውን፣ የእህሉን ሳህን፣ ሁሉንም ቦታ ትቀያይረዋለች። «ማንም ‹ይኼ የኔ ነው› የሚለው ጥግ እንዳይኖረው ነው» ትላለች። «ሁሉም እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ጨዋ ነው።»

በልብስ ፋብሪካው የሰፊዎች አለቃ በነበረች ጊዜም ያንኑ አድርጋ ነው ያስተዳደረችው። በቤቷም ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ ጣራ፣ አንድ ድስት። ከጎረቤት የመጣ ሳህን ከእሷ ቤት ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ከእሷ ጣራ ሥር የሚኖር ሰው ደግሞ ከሌላ ድስት በልቶ አያውቅም። እንዲህ ስትል የምትኮራው ኩራት ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

ይህ ዘዴዋ አንዴ ብቻ ከሽፎባታል፤ ስለዚያ አታወራም። የትልቁ ልጇ ሚስት ዙለይጋ ዓመት ሳይሞላት ዕቃዋን ሸክፋ ባሏን ይዛ ጆሃንስበርግ ገባች። የልጅ ልጆቿን ፋልዲላ የምታውቃቸው በስልክ ፎቶ ነው። ጠያቂ ከመጣ «ልጅቷ ሰው አትለምድም» ብላ ታልፈዋለች። አሁን የቀራት ትንሹ ልጇ ኢግሳን ነው። እሱም ከሄደ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው የወፍ ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ይህን ፋልዲላ ለማንም ባትናገርም አሳምራ ታውቀዋለች።

ኢግሳን ሩሽዳን አግብቶ ወደ ኋለኛው ክፍል ሲያስገባት ሙሽራይቱ ከሻንጣዋ ሌላ አንድ የሽቦ ጎጆ ይዛ መጣች። ውስጡ ሰውነታቸው አረንጓዴ፣ ፊታቸው ኮክ የመሰለ «የፍቅር ወፍ» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች ነበሩ። አባቷ ከመሞቱ በፊት በእጁ እያጎረሰ ያሳደጋቸው ናቸው። ሩሽዳ ማድቤቱ መስኮት አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለቻቸውና «እዚህ ይመቻቸዋል፣ እማማ» አለች።

ፋልዲላ ወፎቹን ታውቃቸዋለች። ስማቸው ነው እንጂ ፍቅራቸው ለራሳቸው ብቻ ነው፤ ከትንንሽ ወፎች ጋር የማይቀላቀል ወፍ ቢኖር እሱ ነው። ስለዚህ ከሚስማሩ ላይ ቢቀሩ ደስታዋ ነበር።

ድስቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሩሽዳ ስታበስል እጇ ከቃሪያ ይሸሻል፣ ቅመሙንም ቆንጠር አድርጋ ነው የምትጨምረው። ፋልዲላ ደግሞ ልጅቷ ዞር ባለች ቁጥር ክዳኑን ከፈት አድርጋ ጣል ታደርግበታለች። ማታ ኢግሳን «ዛሬ ያቃጥላል» ሲል ሁለቱም ሳህናቸውን ያያሉ። ሩሽዳ ከሥራ ስትመለስ ማድቤት የምትቆይበት ጊዜ እያጠረ፣ ኋለኛው ክፍል የምትቆይበት እየረዘመ ሄደ።

አንድ እሁድ ጠዋት የሩሽዳ አክስት ፋውዚያ ኩሲስተር ይዛ መጣች፤ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው፣ በስኳር ውሃ የተነከረ፣ ኮኮናት የተነሰነሰበት፣ ገና ትኩስ። ሻይ ተጠጣ፣ ሙሽሮቹ ተመረቁ፣ ከዚያ ፋውዚያ ጓሮ ወጥታ የወፍ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ስትመለስ ዓይኗ ሚስማሩ ላይ አረፈ።

«ማሻአላህ፣ እንዴት ደስ ይላል፤ ሁሉም አንድ ላይ!» አለች። «የኛዎቹ ብቻ ናቸው እንግዲህ ደጅ የቀሩት።»

«አክስቴ፣ እዚህ ደህና ናቸው» አለች ሩሽዳ ቶሎ ብላ።

«አይ፣ ምንም ማለቴ አይደለም። የወንድሜ ወፎች ስለሆኑ ነው። የእርስዎ ቤት ደግሞ ሁሉን ያኖራል ሲባል ሰምቼ።»

ፋልዲላ ደሟ ፈላ። «ማን ደጅ ቀሩ አለ?» አለች። «ተራቸው ስላልደረሰ ነው። ከነገ ጀምሮ አስገባቸዋለሁ።»

በአጥሩ ማዶ ቡታ ቶየር ይህን ሰምቷል። ሰፈሩ ሁሉ ታላቅ ወንድም ለማለት «ቡታ» የሚለው፣ የአርሚን የልብ ጓደኛ የነበረ ሰው ነው፤ ጆሮው ከአጥሩ አይለይም። እንግዳዋ እንደሄደች ራሱን ብቅ አደረገ።

«ፋልዲላ፣ እነዚያ ጣት ቆራጮች ናቸው።»

«በኔ ቤት ማንም ማንንም አይቆርጥም።»

«ይኼን ለነሱ ነገርሻቸው?»

«ቶየር፣ ሚስትህ ትጠራሃለች።»

«ሚስቴ እህቷ ጋ ሄዳለች።»

«እንግዲያው ሂድና ፈልጋት!»

የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ሁለቱን ከነጎጆአቸው ትልቁ ቤት ውስጥ አስቀመጠች፣ ነባሮቹ አይተው እስኪሰለቹ ጠበቀች፣ የእህል ሳህን ጨመረች፣ በመጨረሻም እንጨቱን ሁሉ ቀያይራ በሩን ከፈተችላቸው። አረንጓዴዎቹ ወጡ፣ ጥግ ይዘው ተቃቅፈው ተቀመጡ። ማንንም አልነኩም። ፋልዲላ ወንበር አውጥታ ፊት ለፊታቸው ሻይዋን ጠጣች። ለፋውዚያ ደውላ ነገረች፣ ለቡታ ቶየርም ሳይጠይቃት በአጥሩ ላይ ነገረችው። ሩሽዳ ግን ማታ ማታ እየወጣች ሽቦው ሥር ቆማ ታያቸው ነበር፤ ደስ ያላት አትመስልም።

ቆይቶ ከአረንጓዴዎቹ ሴቷ፣ ወፎቹ እንቁላል ከሚጥሉባቸው አሮጌ ሣጥኖች አንዱን ወደደችው። በሽቦው ከገባ የተምር ዛፍ ቅጠል እየላጠች ስንጥሩን ጀርባዋ ላባ ውስጥ ሰክታ ስታጓጉዝ ፋልዲላ አይታለች። ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል፤ ጎጆ ልትሠራ ነው። በዚያን ዕለት ማውጣት ነበረባት። «ሰው ምን ይለኛል» አለችና ተወችው።

አርሚን ራሱ ያሳደገው አንድ ሽማግሌ ካናሪ ነበር፤ ሱልጣን ይሉታል። ጠዋት ጠዋት የዚያ ሣጥን ጣራ ላይ ቆሞ መዝፈን ልማዱ ነው። ቦታው እንደተወሰደበት የነገረው የለም። ፋልዲላ ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ ሱልጣን መሬት ላይ ክንፉን ያርገበግባል፤ አንድ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም።

ሩሽዳ ከሥራ ስትመለስ ፋልዲላ ማድቤት ተቀምጣ፣ ካናሪውን በፎጣ ጠቅልላ፣ ደሙን በዱቄት ታቆማለች።

«የማን ሥራ እንደሆነ ልንገርሽ?» አለቻት ቀና ሳትል። «የአባትሽ ወፎች! ቤቴን ከፍቼ ባስገባኋቸው የባሌን ወፍ ቆረጡት። እንዲህ ነው ውለታ!»

ሩሽዳ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እኔ ያስገቡልኝ አልኩ እንዴ፣ እማማ? ሚስማራቸው ላይ ደህና ነበሩ። ደህና ናቸው ብዬ ተናገርኩ። እርስዎ ግን አይጠይቁም። ድስቱንም አይጠይቁም። ክዳኑ ሲከፈት የማልሰማ ይመስልዎታል?»

«ኢግሳን! ሚስትህ የምትለውን ትሰማለህ?»

ኢግሳን በሩ ላይ ቆሟል። አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን አየና አንገቱን ደፋ።

«እማዬ፣ ዙለይጋም ይህንኑ ነበር ያለችው» አለ ቀስ ብሎ። «ቃል በቃል።»

ሩሽዳ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች። ወዲያው ሻንጣ ሲጎተት ተሰማ።

ፋልዲላ ሱልጣንን ይዛ ጓሮ ወጣች። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ጣራው ሁሉ ያፏጫል። በመጀመሪያ ተናደደች፤ በፋውዚያ ተናደደች፣ በኢግሳን ተናደደች፣ ለዙለይጋም ጥቂት አስቀረችላት። አረንጓዴዎቹን ወፎች ልትናደድባቸው ስትል ግን አልሆነላትም። ሴቷ ከሣጥኗ ራሷን ብቅ አድርጋ ታያታለች። ጎጆ እየሠራች ነው፤ ሌላ ምን አደረገች? ጎጆ የምትሠራ ወፍ የራሷ የምትለው ጥግ ያስፈልጋታል፤ ይህን ከፋልዲላ የበለጠ የሚያውቅ በቦንተሄቨል የለም። አውቃ ነው ያስገባቻቸው፤ ለሰው ዓይን ብላ። ከወፎቹ አልፋ ስለ ልጆቹ ስታስብ እንባዋ መጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ልጅ ልታስነጥቅ ነው፤ ነጣቂዋም ራሷ ናት።

ብዙ አላለቀሰችም፤ አመሏም አይደለም። እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ቶየር! እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። መዶሻህን፣ መጋዝህንና ያለህን ሽቦ ሁሉ ይዘህ ና።»

ቡታ ቶየር መሣሪያውን ይዞ መጣ። የወፍ ቤቱን ከመሐል በሽቦ ከፈሉት፤ ለአረንጓዴዎቹ አንድ ወገን፣ ለሌሎቹ አንድ ወገን።

«በድርብ አድርገው» አለች ፋልዲላ። «መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተው። በነጠላ ከሆነ በቀዳዳው ይነካከሳሉ። እንዲህ ከሆነ ይተያያሉ፣ ይሰማማሉ፣ ማንም ማንንም አይደርስበትም።»

«ጎበዝ። ይኼን ፊትም ታውቂው ነበር።»

«ፊትም አውቀው ነበር። አሁን ና፣ ሌላ ሥራ አለ።»

ወደ ኋለኛው ክፍል መስኮት ወሰደችውና በእጇ ከላይ እስከ ታች አመለከተችው። ቡታ ቶየር መዶሻውን አወረደ።

«በር? በፋልዲላ ቤት ሁለተኛ በር? ሰው እኮ ምራቷን አባረረች ይላል።»

«ይበላ! ሰው ሲል ሰምቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ስበረው።»

ግድግዳው ሲመታ ሩሽዳ ደንግጣ ወጣች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ኢግሳን ከኋላዋ ነው።

«ልታስወጪን ነው?» አለ ኢግሳን።

«ዝም በል አንተ፣ እሷን ነው የማናግረው።» ፋልዲላ ወደ ሩሽዳ ዞረች። «ስሚኝ ልጄ። ወፎቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከእንግዲህም አልደግመውም። ይኼ በርሽ ነው። እዚያ ጥግ ምድጃሽ ይቆማል። ቁልፉ ያንቺ ነው፣ እኔ ጋ ሌላ የለም። ስመጣ አንኳኳለሁ። መሄድ ከፈለግሽ ግን በሩ ካለቀ በኋላ፣ አስበሽበት ሂጂ።»

ሩሽዳ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሻንጣው ግን ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ።

ምድጃው የቆመ ዕለት ማታ ፋልዲላ ለብቻዋ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች። ድስቷ ውስጥ የሦስት ሰው ምግብ አለ፤ እጇ ልማዱን አልተወም። ከግድግዳው ማዶ የሽንኩርት ጥብስ ሽታ ይመጣል፣ ኢግሳን ሲስቅ ይሰማል። እጅግ ከፋት። አበላሸሁት፣ በገዛ እጄ ጎረቤት አደረግኋቸው ብላ ፈራች። ሱልጣን ማድቤቱ መስኮት አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ፣ በትንሹ ጎጆ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ ያያታል።

የማድቤቷ በር ተንኳኳ። ሩሽዳ ነበረች፤ በእጇ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች።

«የመጀመሪያው ድስቴ ነው፣ እማማ። ጎረቤት ይቅመሰው ብዬ።»

ሰጥታት ሄደች። ፋልዲላ ጨርቁን ገለጠች፤ የበግ ወጥ በቲማቲም፣ ከሩዝ ጋር። ቀመሰችው። ቃሪያ አንሶታል። እጇ ወደ ቃሪያው ማሰሮ ሄደ፣ ከመንገድ ላይ መለሰችውና ሳህኑን እስከ መጨረሻው እንዳለ በላችው። ከዚያ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከድስቷ ምርጥ ምርጡን ሞላችበትና በጓሮ ዞራ ሄደች። ከሽቦው በዚህ ወገን ካናሪዎቹ፣ በዚያ ወገን አረንጓዴዎቹ ተኝተዋል።

አዲሱ በር ገና ቀለም አልተቀባም። ፋልዲላ በዚያ ቤት ውስጥ አንኳኩታ የገባችበት በር ኖሮ አያውቅም። አንኳኳች።

«ማነው?» አለች ሩሽዳ ከውስጥ።

«ጎረቤት» አለች ፋልዲላ፤ እስኪከፈትላትም ሳህኗን ይዛ ቆመች።