የሰማ ይጎትት፣ ያየ ይምራ

በእኛ ሰው ሰርግ ላይ ሽማግሌ ሙሽሮችን ሲመርቅ «የሰማ ይጎትት፣ ያየ ይምራ» ማለቱ አይቀርም። በቅርቡ አንዱ መራቂ «የጎንደር አባቶቻችን እንዳሉት» ብሎ ጨመረበት። ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። የጎንደር አባቶች ብዙ ብለዋል፣ ይህን ግን አላሉም። ያለችው አክስቴ ውቢት ናት፤ ያለችውም እዚሁ እስራኤል፣ አሽኬሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር፣ ደረጃ ላይ ቆማ ነው።

አክስቴ በሱዳን በኩል የመጣች ሴት ናት። ዕድሜዋን የሰው አዛውንት ስትጦር ኖራ፣ የራሷ ጡረታ ሲደርስ ስኳር ዓይኗን ወሰደው። ፊት ለፊቷ ያለው ቤት የማሬ ነበር። ማሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥታ ፋብሪካ ገባች፤ የማሽኑ ጩኸት ቀስ በቀስ ጆሮዋን ደፈነው። አንዷ አታይም፣ አንዷ አትሰማም። እግዜር ሲያጎራብት ያውቅበታል።

አሽኬሎን ውስጥ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ አዝዓካው፣ ሲጮህ ያለን ጊዜ ጫማ ለማጥለቅ እንኳ አይበቃም። የእነሱ ሕንፃ አሮጌ ስለሆነ ሚክላቱ፣ መሸሸጊያው፣ ያለው ምድር ቤት ነው። አክስቴ ጩኸቱን ትሰማለች፣ ደረጃውን ግን ብቻዋን አትደፍረውም። ማሬ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ትወርደዋለች፣ ጩኸቱን ግን አትሰማም። ስለዚህ የልብስ ማስጫ ገመድ ገዝተው በየበራቸው ሥር አሳለፉት። አንዱ ጫፍ አክስቴ ወንበር ላይ፣ ሌላው ማሬ እጅ ላይ ታሰረ። አዝዓካው ሲነሳ አክስቴ ትጎትታለች፤ ማሬ ብድግ ብላ መጥታ እጇን ይዛ ታወርዳታለች።

አንድ ቀን የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ክንዴ ገመዱ ጠልፎት ሊወድቅ ለትንሽ ተረፈ። የአክስቴን በር ደበደበ።

«ይኼ ምንድን ነው? ሰው ልትገድሉ ነው?»

«የሰማ ይጎትት፣ ያየ ይምራ!» አለችው። «አንተ ዓይንም ጆሮም አለህ፤ እግርህን አንሳና እለፍ።»

ጋሼ ክንዴ ነገሩን ጸሎት ቤት ወስዶ ሰው ሲያስቅበት ዋለ። በዚያው ከአፍ አፍ ዞረ፣ ይኸው ዛሬ ምርቃት ሆነ።

ሰው ግን ትርጉሙን «ተረዳዱ» አድርጎታል። ልክ አይደለም። መርዳትን አክስቴ በሥራዋ ጠግባዋለች፤ ረጂው ከላይ ነው፣ ተረጂው ከታች። ከማሬ ጋር ላይና ታች አልነበረም። «ስትመራኝ አላፍርም» ትለኝ ነበር፤ «እኔ ባልጎትታት እሷም ተቀምጣ ትቀራለች።»

አምና የማሬ ልጅ ኦርታል እናቷን ወደምትኖርበት ከተማ፣ ወደ ነታንያ፣ ወሰደቻት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እናቷ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ነው። አክስቴ ብቻዋን መቅረቷን ግን ያሰበ የለም። ቤቷ ከሰው ድምፅ ጾመ። እኔ የምኖረው እዚሁ ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር ነው፤ «ነይ እኔ ጋ ኑሪ» ብላት «መጥቼ ማንን ልጎትት?» ብላ አፌን ዘጋችው። ግትር ናት፣ ታናድደኛለች፣ እወዳታለሁ።

ዓርብ ዓርብ ከማሬ ጋር በስልኬ በምስል አገናኛቸዋለሁ። ማሬ ታወራለች፣ አክስቴ ትሰማለች። አክስቴ በእጇና በራሷ ትመልሳለች፣ ማሬ ታያለች።

«እትዬ ውቢት፣ አዝዓካ ሲጮህ ማን ያወርድሻል?» አለቻት አንድ ዓርብ።

አክስቴ «ሰው አለኝ» በሚል እጇን ወደ በሩ ጠቆመች።

«ውሸትሽን ነው! እኔ ደንቆሮ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። ወንበርሽ ላይ እንደተጎለትሽ ነው። በርሽን ክፈቺና እጅሽን ዘርጊ፣ የሚያልፍ ሰው ይይዝሻል። ቃል ግቢልኝ።»

አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

በዚያው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዝዓካው ጮኸ። ያወራችልኝ ራሷ ናት። በሯን ከፍታ ደረጃው አፍ ላይ ቆመችና እጇን ዘረጋች። የሯጮች ኮቴ በአጠገቧ አለፈ። የሕፃን ለቅሶ አለፈ። የጋሼ ክንዴ ሳል አለፈ። አንዲት ልጅ «ሳቭታ፣ ማሄር!» አለቻት፤ አያቴ፣ ቶሎ በይ ማለቷ ነው፣ ልጅቷም ወረደች። ከዚያ የሚክላቱ በር ሲዘጋ ሰማች። ፍንዳታው እስኪያልፍ እጇን አላጠፈችም። ያ ሁሉ ሰው ይሰማል፣ ያ ሁሉ ሰው ያያል፤ ማንም ማንንም አልፈለገም። ስትነግረኝ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

በሚቀጥለው ዓርብ ማሬ ፊቷ ስልኩ ላይ በቅጡ ሳይታይ ጠየቀች።

«ወረድሽ?»

አክስቴ ፈገግ ብላ «አዎ» በሚል ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች። ተለማምዳበታለች፤ በዚህኛው ማሬም አልጠረጠረችም። ከዚያ ማሬ ከንፈሯን አይታ እንዳትረዳ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጣል አድርጋ እውነቱን በድምፅዋ ተናገረች።

«ማሬዬ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር። የያዘኝ የለም።»

ኦርታል ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሰማች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ምን አለች?» አለቻት ማሬ፣ የልጇን አፍ አፍ እያየች።

ኦርታል ለአፍታ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች።

«ተመስገን» አለች ማሬ።