ከቆጮ ጉድጓድ የወጣው አረንጓዴ ድንጋይ

ገነቴ ጎረቤቴ ናት፤ ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ ከአጥሬ ማዶ ትኖራለች። ቆሻሻ አይታ ማለፍ አትችልም። የእኔን በር እንኳ ሳልጠይቃት አጥባ ቀለሙን አስለቅቃዋለች። የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭም ይኸው አመሏ ነው።

የልጇ የሊዲያ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ለድግሱ የቀበረችውን ቆጮ ልታይ ጉድጓዱን ከፈተች። ከግድግዳው የተናደ አፈር መሃል አረንጓዴ የድንጋይ አምባር አገኘች። ያው እንደ ልማዷ በድስት ሽቦ ፈግፍጋ ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። እኩለ ቀን ላይ እንደ ጠመኔ ነጥቶ መላጥ ጀመረ። ደንግጣ ለጋ ቅቤ ቀባችው፤ ባሰበት።

ወሬው የደረሰው ቅርስ መዝጋቢ ሶፎንያስ በሙኒር ባጃጅ መጣ። «ጄድ የሚባለው የከበረ ድንጋይ ይሁን ሌላ ገና አናውቅም» አለ። «ግን እትዬ፣ መሬት ውስጥ ስንት ዘመን እርጥበት ለምዶ የኖረን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ? ቀስ እያለ በወራት ነው መድረቅ ያለበት። የቅቤውን ነገርማ ባናነሳው ይሻላል።»

ከዚያ እርጥበት እንዲያገኝ ድንጋዩን ቆጮው ውስጥ ቀብሮ ጉድጓዱን በወረቀት አሸገና ማኅተም መታበት። «ድንጋዩ ከእርጥብ ቆጮ እንዳይለይ» የሚል ደብዳቤም ሰጣት።

«ሠርጉስ?»

«ቅርስ ነው፣ እትዬ።»

«ቆጮው እኮ የሠርግ ነው!»

«እሱም አሁን የቅርሱ አካባቢ ሆኗል።»

ገነቴ አለቀሰች። «ልጄን በባዶ ገበታ ልዳራት?» እኔም ተናደድኩ፤ ድንጋይ ቆጮ አይበላ!

በማግስቱ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስለ ጉድጓድ አንድም ቃል የለውም። እሽጉን ቀድዳ ድንጋዩን ከጥቂት ቆጮ ጋር በእንሰት ቅጠል ጠቀለለች፣ ባልዲ ውስጥ ከታ ሄዳ ሶፎንያስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው፣ አልለየሁትም።»

ሶፎንያስ የሚከለክል አንቀጽ ፈልጎ አጣ። በሁለተኛው ቀን የቢሮው ሰው በሙሉ ወንበሩን ይዞ ከሽታው ወደ ኮሪደር ወጣ። ቅጠሉን መቀየር የምትችለው ገነቴ ብቻ ስለሆነች በየቅዳሜው ትሄድ ነበር።

ሠርጉ ቅዳሜ ዋለ። ሶፎንያስ ባልዲውን ታቅፎ መጣ፤ ሙኒር አንገቱን ከባጃጁ አውጥቶ ነዳ። ገነቴ የሠርግ ልብሷን እጅጌ ሰብስባ ቅጠሉን ገለጠች። አረንጓዴው ተመልሷል፤ በሽቦ የፈገፈገችው ጎን ግን ነጭ እንደሆነ ቀርቷል።

«የጉዳቱን ምክንያት ያልታወቀ ልበለው?» አለ ሶፎንያስ ቅጹን ይዞ።

«ምን ያልታወቀ! ገነቴ ብለህ ጻፍ። ስንት ዘመን የኖረውን በአንድ ጠዋት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

በአዲስ ቅጠል ሸፍና ባልዲውን ጥላ ሥር አኖረችውና እኔን አጠገቡ አስቀመጠችኝ።

«ማንም እንዳያጥበው» አለችኝ። «እኔ ብመጣም እንዳታስነኪኝ።»