መርፌ የሚስበው ሳጥን

የጎረቤቴ ልጅ ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ዘፈኑን ሲለቀው መስኮቴ ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆውም ከነማንኪያው ይንጫጫል። ሰው ሁሉ ይሰድበዋል። እኔ ግን ቀንስ ብዬው አላውቅም። ያ ወፍራም ድምፅ በጆሮ አይደለም የሚገባው፤ በሆድ ነው። ሆዴ ሲደርስ ደግሞ ያን ልጅ ይቀሰቅስብኛል። ማን ነበር ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲያው ስሚ።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ያኔም ምድጃ ናት። የምንለማመድበት አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ግማሹ የኅብረት ሱቁ ሽንኩርት ማከማቻ ስለነበር እየዘፈንን ዓይናችን ያለቅሳል። ያ ልጅ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። መምታቱንስ ይመታል፤ የሚሰማው ግን የለም። ያለን ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ የምንጠራበት ጡሩምባ ነው። ቤዙ በሱ ሲወጣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስል ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ነፍሱን አይማረውና፣ በሰው መሳቅ ይወዳል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ መጣና ሁላችንንም አስቁሞ እሱን ብቻውን አስመታው።

«ድገም» ይለዋል፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ። «ድገም እስቲ። ኧረ አልሰማም፣ ድገም!»

ልጁ ላቡ በአገጩ እየወረደ ደገመ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ወደኛ ዞረና «ይሄ ልጅ ጊታር ታቅፎ ከውትድርና የተደበቀ ነው። በአብዮት በዓል ዕለት ካልሰማሁት በማግስቱ ይዘምታል» አለ። ሳቀ። እሱ ሲስቅ አለመሳቅ አይቻልም ነበርና ሁሉም ሳቀ።

ቀልዱን አልነበረም። የልጁ እናት መንገድ ዳር ማሾ ትቸረችራለች። ታላቁን ልጇን ወደ ሰሜን ሸኝታ ወሬው እንኳ አልመጣላትም፤ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ያን ዕለት ቤቷ ሄጄ ሳያት ማሾዋን እየለቀመች ጠጠሩን ከእህሉ ላይ መልሳ ትጥለው ነበር። አንጀቴን በላችው።

በዓሉ ሲቃረብ የኪነቱን ዩኒፎርም ልንለካ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድን። ከድሮዎቹ የይፋት ሰዎች የሚወለዱ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው የጀውሃ መንገድ ላይ ነው። ከስፌት መኪናቸው አጠገብ የሰው ደረት የሚደርስ የእንጨት ሳጥን አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አናቱ ላይ ሱሪ ይተኩሱበታል። የሚገርምሽ ግን መርፌያቸውን በጀርባው ላይ መለጠፋቸው ነው። አይወድቅም! እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይቆማል።

«ጂን አለበት» አሉን ልኬት እየወሰዱ። «አረቡ ነጋዴ አገር ለቆ ሲሄድ ከስፌት መኪናው ጋር የሸጠልኝ ነው። ደግ ጂን ነው፤ መርፌ ከመያዝ በቀር ማንንም አይነካ።»

ልጁ ልኬቱን ትቶ ተንበረከከ። ሳጥኑን አንኳኳ፤ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ስሱን ኮምፔርሳቶ በመዳፉ ዳሰሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጂን አይደለም። ማግኔት ነው። አረቡ በኢድ ግድግዳ ላይ ፊልም ያሳይ ነበር ይባል የለ? ድምፅ ማጉያው ይሄ ነው!»

አዞርነው። ፊቱ በጥቀርሻ የጠቆረ ጨርቅ ለብሷል፤ ከጨርቁ ጀርባ ጎድጓዳው ወረቀት በጣት ይዳሰሳል።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ልብስ ሰፊው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ዘፈን ላይ ነው ሱሪ የተኮስኩት? ለዘፈን ከሆነማ አልሰጥም።»

ሊቀ መንበሩ ያለውን ነገርኳቸው። የማሾ ነጋዴዋ ልጅ መሆኑንም ነገርኳቸው። እግራቸው መርገጫው ላይ እንዳለ ቆመ።

«እንግዲያው ውሰዱት። ነፍስ ይዳንበት።»

ሲከፈት ጉድ ነው! አይጥ ወልዳበታለች፤ ወረቀቱም መዳፍ የሚያሳልፍ ያህል ተቀዷል። ልጁ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። ሽማግሌው ግን መነጽራቸውን አድርገው ከኮት ገበር ስስ ቁራጭ ቀደዱ፤ ኮላ ቀብተው በአውራ ጣታቸው እያሹ ከጀርባው ለጠፉት። «ልብስም ቢሆን ከውስጥ ነው የሚጠገን» አሉ። ምስጥ የበላውን ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ደፈንን፤ ሆዱን በጥጥ ሞላነው። የቀበሌው አምፕሊፋየር መጥቶ ሽቦው ተገጠመ። ልጁ ወፍራሙን ክር አንዴ ነካው።

ከጣራው አቧራ ወረደ። ሽማግሌው ደረታቸውን ይዘው «ወላሂ እዚህ ገባ!» አሉ። ልጁ ሳቀ። የፊት ጥርሶቹ ፍንጭት ነበሩ፤ ስለሚያፍርባቸው ብዙ አይስቅም። ያን ጊዜ ግን አፉን ከፍቶ ሳቀ። እወደው ነበር፤ ይኸው ነው። አልነገርኩትም እንጂ።

በበዓሉ ዕለት ከካራቆሬም ከማጀቴም ሰው በጭነት መኪና ተግዞ መጣ። መዝሙሩ ሲጀመር ሜዳው ከሥር ተነሳ ብልሽ አላጋነንኩም። ሕፃናት ሆዳቸውን እየያዙ ይንከተከታሉ። እናቱ ከፊት ቆማ ታጨበጭባለች፤ ልጇ ተሰማ፣ ልጇ ተረፈላት። እኔም እየዘፈንኩ እንባዬ መጣ፤ ያን ቀን ሽንኩርት አልነበረም።

ከክብር እንግዶቹ መሐል ምልምል ሊወስድ የመጣ መኮንን ነበር። እግሩን መሬት ላይ ሲመታ አየሁት። ጎንበስ ብሎ ለሊቀ መንበሩ አንድ ነገር ሹክ አለው። ሊቀ መንበሩ ፊቱ በራ። ተነስቶ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ።

«ቀበሌያችን ይህን ቤዝ ጊታሪስት ከነሳጥኑ በግንባር ላለው ጀግና ሠራዊታችን አበርክቷል!»

እንደ ሰንጋ በሬ ሰጡት እኮ! ክው አልኩ። ሰው አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ? ይሄ አልበቃውም፣ ያ አረመኔ እናቱን በጣቱ ጠቆማት።

«እናት! ደስ አላለዎትም እንዴ? እልል ይበሉ እንጂ!»

እልል አለች። ድምፅዋ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ሊቀ መንበሩ ጣቱን አላወረደም፤ እንደገና ጀመረችው።

ዕለቱን ነው የጫኑት። የሚቀመጥበት ስላልነበረ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ሸራ ይዘው እየሮጡ መጡ። ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው «ልጄ፣ ሸራውን አልብሰው፤ ኮላው እርጥበት አይችልም» አሉት። «እሺ ጋሼ» አለ። እኔን አየኝና እጁን አነሳ። መኪናው በጀውሃ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በዚያው አስፋልት ቁልቁል በእግሩ ጎረፈ። ባዶ እግሩን ያለው፣ በእንጨት የሚደገፈው፣ ውኃ የሚለምነው። እናቱ ቂጣና አንድ ጀሪካን ውኃ ይዛ መንገድ ዳር ተተከለች፤ አልለያትም ብዬ አብሬያት ቆምኩ። ያለፈውን ሁሉ ትጠይቃለች። «ሙዚቀኛ ነው፤ ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ አላየኸውም?» አብዛኛው ቀና ብሎም አያያትም።

አንዱ ልጅ እግር ወታደር ቆመ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቂጣውን እየዋጠ ዓይኗን አየ።

«ሙዚቀኛው? አውቀዋለሁ እንጂ እማማ! ከኋላ ነው ያለው። ክራሩን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እየመጣ ነው» አላት።

«ክራር» አለ። ያንን ጊታር፣ ያንን የሚያህል ሳጥን ያየ ሰው ክራር አይልም። ወታደሩም መንቃቴን አወቀ መሰለኝ ዓይኑን ከዓይኔ ሸሽቶ መንገዱን ቀጠለ።

እሷ የሰማችው «እየመጣ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። ጀሪካኑን ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

«ዶሮዋን ያዢልኝ» አለችኝ፣ ዞር ብላ። «ቶሎ በይ፣ ሳይደርስ!»

ያዝኩላት።