የእናቴ አውራ ጣት

አዲስ ጎማ ሲሸትህ ደስ ይልሃል? እኔን ደስ ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ቡራዩ አንድ ጎማ ቤት ገብቼ የሞተር ጎማ ላይ አውራ ጣቴን ተከልኩና በጥፍሬ ጫን አደረግኩ። ሻጩ፣ "እህቴ፣ አቮካዶ መሰለሽ እንዴ?" አለኝ። እናቴን ቢያይማ ኖሮ ምን ሊል ነበር!

ልጅ ሆኜ፣ በሰፈራችን ያንን የመሰለ ሞተር የነበረው አባቴ ብቻ ነው። ዝቅና ረዘም ያለ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው እንደ ሶፋ የሚቀመጡበት። ማታ ከሰበታ ፋብሪካ ሲመለስ ድምፁ ከመታጠፊያው ይሰማና እናቴ ሽሮውን ትጥዳለች።

አንድ ክረምት ላይ ጎማው አለቀ። የኋላው መሃሉ ተበልቶ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆነ። አባቴ ዝናብ ላይ አንሸራተተውና ወደቀ፤ ጉልበቱ ተልጦ፣ ሱሪው ተቀዶ፣ እየሳቀ ቤት ገባ። እናቴ አልሳቀችም።

"ሞተሩ ይሸጣል!"

"ያለቀው እኮ ጎማው ነው፣ እኔ አላለቅኩም።"

"እስክታልቅ ልጠብቅ?"

አባቴ በሚኒባስ መሄድ ጀመረ። ተጋፍቶ ይሄዳል፣ ተጋፍቶ ይመጣል፤ ቤት ገብቶም ወሬ የለ፣ ቀልድ የለ። ሞተሩ ከተሸጠ የማውቀው አባቴ እንደማይመለስ ገብቶኝ ነበርና ፈራሁ። እናቴም ሳይገባት አልቀረም። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

"እንግዲያው ጎማውን የምመርጠው እኔ ነኝ። አለዚያ ገዢ ሞልቷል!"

ሦስታችንም ጎማ ቤት ሄድን። ሽማግሌው ጎሚስታ በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" ብሎ ሰላም አላት፣ "ነጋ" ብላው ገባች። ቤቱ ኮላ ኮላ ይሸታል። ጎሚስታው ጥርሱ የገጠጠ ጎማ አወጣና "ለጭቃ ከዚህ ወዲያ የለም፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚያስገቡት ይሄን ነው" አለ። አባቴ ዞሮም አላየው። ዓይኑ በሩ ላይ የተሰቀለው፣ ዙሪያውን ነጭ ጥለት ያለው ጎማ ላይ ቀርቷል።

"ይሄማ ሙሽራ ነው!"

እናቴ ጠጋ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ሽንኩርትም፣ ሎሚም፣ የዶሮ ደረትም የምትመርጠው በዚያው ጣት ነው። ጥፍሯ አልገባም።

"ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ሙሽራህ አርጅታለች።"

ጎሚስታው ከት ብሎ ሳቀ፤ አልካደም። እሷ ጥርሳሙንም "ይሄ እርሻ ይታረስበት፣ የኛ መንገድ አስፋልት ነው" ብላ ገፋችው። ከጓዳ የወጣውን ጥቁር ጎማ ስትጫነው ግን ገባ ብሎ ተመለሰ። በቦዮቹ ላይ ጣቷን አስኬደች። "ውሃው በዚህ ይወጣል። የፊቱም ከዚሁ ዘር ይሁን፤ በሬና አህያ አብሮ አይጠመድም።"

አባቴ በሩን እያየ፣ "ነጩስ?" አለ፣ እንደ ልጅ።

"ነጩን እኔ እለብስልሃለሁ።"

እውነቷን ነበር። "እኔና ሞተር? በሞቴ!" ስትል የኖረችው ሴት እሁድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ እግሯን በአንድ ጎን አድርጋ ከኋላው ተቀመጠች። እኔ በር ላይ ቆሜ እልል አልኩ። አባቴ በኋላ እንዳወራልኝ፣ ገፈርሳ ግድብ ውሃው ጋ ሲደርሱ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ቀስ በል፣ ልየው ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ እሁዳቸው ገፈርሳ ሆነ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ሞተሩ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ትናንት እናቴ ሸራውን ገለጠችና ጎማውን ጫን አደረገችው።

"ደርቋል። ይቀየር።"

"ማን ሊነዳው፣ እማዬ?"

"መንጃ ፈቃድ ያወጣሽው ለጌጥ ነው?"

ጎማውን ገዝቼ አሳሰርኩ። ከሰዓት በኋላ ነጭ ለብሳ ወጣችና፣ እግሯን በአንድ ጎን አድርጋ ከኋላዬ ተቀመጠች። መንገዱ እርጥብ ነበር፤ ጎማው ግን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። የገፈርሳ ባሕር ዛፍ ሲሸተኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ቀስ አልኩ። ውሃውን እስክናልፍ እጇን አላነሳችም።