የስንሻው ወንበር

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ውስጥ አንዲት ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጣራዋ ላይ አስራ «የድሮዎቹ ባንድ፣ እሁድ ከሰዓት!» እያለች ስታልፍ፣ የያዝሁት የድንች ዘንቢል ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከባንዱ ሰዎች ግማሾቹ ጥርስ የላቸውም፤ ሳክስፎን የሚነፋው መድረክ የሚወጣው በሰው ተደግፎ ነው። የእኔም ጉልበት ከእነሱ አይሻልም። ግን እነሱ መጥተው እኔ እቤት ተቀምጬ አላውቅም።

በወጣትነቴ ታላቅ ወንድሜ ስንሻው በዚህ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ሁልጊዜ የሚጨርሱበት አንድ ዘፈን አላቸው፤ መሐሉ ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና ትራምፔቱ ብቻውን ይወጣል። ያን ጊዜ የዳንግላ ገበያተኛ ሸክሙን እንደ ተሸከመ ቆሞ ይቀር ነበር። እናታችን ግን «ከንፈሩን እንዲህ አበላሽቶት ማን ታገባዋለች?» እያለች ትነጫነጭ ነበር።

ኋላ ስንሻው ዘመተ። መጀመሪያ መልእክት ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። በየጎረቤቱ መርዶ ገባ፤ እኛ ቤት አልገባም። አለ እንዳንል ወሬው የለ፣ ሞተ እንዳንል ያየ የለ። እናቴ ውሻ በጮኸ ቁጥር በር ትከፍት ነበር።

በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ባንዱ ዳንግላ ገበያው ሜዳ ላይ እንደሚጫወት ተሰማ። እናቴ «እሄዳለሁ» ስትል ገረመኝ። በጋሪ ሄድን። መንገዱ አቧራ፣ አየሩ የገለባ ሽታ ነበር። እኔ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እበላለሁ፤ እሷ አንድም አልቀመሰች።

የባንዱ መሪ ጋሽ ተፈራ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። ወንድሜን አከበርሁ ብሎ ወንበሩን ቀይ ከፋይ አልብሶ ትራምፔቱን አስቀምጦበታል። እኛ አገር ግን ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። ባለቤት የሌለው ያጌጠ መቀመጫ ሌላ ትርጉም የለውም። በዙሪያችን ያሉ የገጠር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ አንዷ «ዋይ!» አለች። መርዶው ይኸው መጣ አልሁ።

እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። ሰዉን እየገፋች መድረኩ ላይ ወጣች።

«አንተ ሰው፣ ሬሳውን ያየ አለ?»

«ኧረ የለም እማማ! እኔ ቦታውን ልጠብቅለት ብዬ ነው።»

«ታዲያ የልጄን ፈረስ ሸልም ያለህ ማነው?»

«የምን ፈረስ?» አለ ጋሽ ተፈራ ግራ ገብቶት።

ከፋዩን ገፈፈችና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። «ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ ክተተው፤ ሲመጣ ራሱ ያወጣዋል። ወንበሩን እንዳታነሣ። በል ተጫወት» ብላ ወርዳ ከወንበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ተጫወቱ። በመጨረሻው ዘፈን የስንሻው ቦታ ሲደርስ ማንም ሊተካው አልደፈረም፤ ባንዱም ሕዝቡም ዝም አለ። ያን ጊዜ ስንሻው ከመንፋቱ በፊት በአፍንጫው የሚስባትን አጭር ትንፋሽ ሰማሁ። ከመድረኩ፣ ከወንበሩ በኩል። ደንግጬ እናቴን ባያት እሷም ወንበሩ ላይ አፍጥጣለች። ከኋላ አንድ ሰው ዜማውን በፉጨት ጀመረ፤ ሕዝቡ ተቀበለው።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ባንዱ ዝም ይላል፤ ሕዝቡ ያፏጫል። እናቴ ጥቁር ሳትለብስ ሞተች። ዘመዶቼ ለወንድሜ ለቅሶ እንድቀመጥ ስንት ዓመት ለመኑኝ።

እሁድ ሄድሁ። ወንበሩ አለ፤ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። አጠገቤ የቆመች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እማማ፣ እኔን የምታስመጣኝ እኮ ይቺ ዝም የሚሉባት ናት!» አለችኝ።

«እኔንም» አልኋት።

ለምን ዝም እንደሚሉ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋት። ወጣቶቹ ለማፏጨት ከንፈራቸውን ሲያሞጠሙጡ ያቺ ትንፋሽ መጣች። ድሮ እሷን መስማቱ ያስፈራኝ ነበር። አሁን የምፈራው ሌላ ነው፤ አንድ እሁድ ሄጄ ያልሰማኋት እንደሆነ፣ ያን ቀን ለቅሶ እቀመጣለሁ።