ሣሩ ላይ ቀስ የሚለው ጀልባ

አክስቴ ስትናገር መስኮት ይንቀጠቀጣል። ማጋነን አይደለም፤ እኛ ቤት ስትመጣ እናቴ ሰላም ሳትላት በፊት መስኮቱን ትዘጋለች። እንዲህ ያለ ጉሮሮ ይዛ፣ ሰው ወደ ማዶ በሚያሻግር ጀልባ ላይ ትኬት ትቆርጣለች፤ ማይኩን ይዛም የሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ ትናገራለች። እኔ ማዶ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ጠዋት ጠዋት አብሬያት እሳፈራለሁ።

ከመንገዳችን መሀል ውሃው ይሳሳና የባህር ሣር ይታያል። የባህር ኤሊዎች እዚያ ሣር ይግጣሉ፣ አየር ለመሳብም ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን ጀልባችን አንዷን ገጫት። አክስቴ የተሰነጠቀ ጀርባዋን አይታ እህል ሳትቀምስ ዋለች። በነጋታው ካፒቴኑን ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ ሣሩ ላይ ስትደርስ ቀስ ብትል ምን ትሆናለህ?»

ካፒቴኑ እሺ አለ። ምን ያድርግ? አክስቴን እምቢ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰማት።

ያስቸገረው ተሳፋሪው ነው። በተለይ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ የደንበኞቹን ልብስ በላስቲክ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ይይዛል፣ ፊቱ ግን ሳይተኮስ የቀረ ሸሚዝ ይመስላል። ጀልባው ቀስ ባለ ቁጥር «ለኤሊ ብላችሁ እኛን ከሥራ ልታስቀሩን ነው?» እያለ ይጮኻል። አክስቴ ደግሞ በማይክ ትመልስለታለች። «ርኅራኄ የላችሁም! ባህሩ ባዶ ሲቀር ታዩታላችሁ!» ሰዉም ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ለጀልባው ሥራ አስኪያጅ አቤት አለ። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገራት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ተሳፍሮ ያያል፣ ሰው ካማረረ ቀስ ማለቱ ይቀራል።

እኛ ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። «ምን አጠፋሁ?»

«ትቆጫለሻ! እኔ ራሴ ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ መክተት ያምረኛል» አልኳት።

አኮረፈች። ሬዲዮው የእግር ኳስ ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር፤ ዘጋቢው ትንፋሽ አጥሮታል። እናቴ፣ ስለ ኳስ ምንም የማታውቀው እናቴ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ ብላ «ገባ እንዴ?» አለች። አክስቴ እህቷን አየቻት፣ ሬዲዮውን አየችው፣ ከዚያ ብድግ አለች። ቦርሳዋን እንኳን ረስታ ነው የሄደችው።

በማግስቱ ሣሩ ላይ ስንደርስ ማይኩን አነሳች።

«ክቡራትና ክቡራን! በግራ በኩል ጥላ ይታያል... ጥላው ቀረበ... እየመጣች ነው... እየመጣች... ወጣችችች! እትዬ ዝግታ ናት፣ ያቺ ጀርባዋ ላይ ጠባሳ ያላት! አየር ሳበች፣ ልብስ ሰፊውን ገላመጠችው፣ ተመልሳ ገባች!»

ሳቃችን ማዶ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ለመቀመጫ ይሻማ ጀመር፤ ግማሹ በግራ ትወጣለች ይላል፣ ግማሹ በቀኝ። አክስቴም በጨዋታው መሀል ጣል ታደርጋለች። «የምትገዙት ዓሣ ገና ጫጩት ሳለ የሚደበቀው እዚህ ሣር ውስጥ ነው! ጀልባ በፍጥነት ከመጣባት እትዬ ዝግታ ማምለጥ አትችልም!» ልብስ ሰፊው ሲያኮርፍ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን ሳያስበው አመለጠው። «ውሸት! በቀኝ ነው የወጣችው!»

ሥራ አስኪያጁ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ክራቫቱን አስሮ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሰዓቱንም አሥር ጊዜ ያያል። ጀልባው ሣሩ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ። አክስቴ ማይኩን አንስታ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ ስትጮህ ድምፅዋ ተዘግቷል! የሰጠኋት የጉሮሮ ከረሜላ ሁሉ ውሃ በላው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ካፒቴኑ ዞረ፣ ሊናገር ነው። የአክስቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

ልብስ ሰፊው ተነሳ። አለቀልን አልኩ። ጥቅሉን እኔ ላይ ጣለና ማይኩን ከአክስቴ እጅ ወሰደ።

«ክቡራትና... ክቡራን» አለ። «በቀኝ በኩል... አዎ፣ በቀኝ ነው፣ ሁልጊዜም በቀኝ ነው... ጥላው ቀረበ...»

ጀልባው በሙሉ አብሮት ጮኸ፤ «እየመጣች ነው! እየመጣች...»

ጠባሳዋ ከውሃው ወጣ። ቡፍ ብላ ተነፈሰች፤ እንዲያ በቅርብ አይተናት አናውቅም። እኔ የሰው ጥቅል ይዤ እዘላለሁ! ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ አንገቱን አሰገገ፣ ከኋላ ያሉት «ጌታው፣ ይቀመጡ፣ ከለሉን!» ብለው ጮኹበት።

እትዬ ዝግታ ጠለቀች። ሣሩን ልናልፍ ስንል ካፒቴኑ የሞተሩን ፍጥነት መጨመር ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል። «ምን ያስቸኩልሃል?»

አክስቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።